450 ሲደመር 380 እንዴት 450380 ሆነ?

ጥያቄው ከሐዋሳ፣ ከአቶቴ ሰፈር የመጣ ነው። አንዲት ተማሪ የአባቷን ባጃጅ የቀን ገቢ የሚደምር ትንሽ ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ጻፈች። የጠዋቱን 450፣ የከሰዓቱን 380 አስገባች። የወጣላት 450380! "ላፕቶፔ ተበላሽቶ ይሆን?" ትላለች።

ኧረ ደህና ነው። አባትሽ በቀን ይህን ያህል የሚያስገቡ ቢሆን እኔም ኮምፒውተር መጠገኑን ትቼ ባጃጅ እገዛ ነበር።

ፓይተን 3 ላይ ኢንፑት (input) የሚባለው ትእዛዝ ከኪቦርድ የመጣለትን ሁሉ የሚይዘው እንደ ጽሑፍ ነው፤ 450 ብለሽ ብትጽፊም ለሱ 4፣ 5 እና 0 የሚባሉ ሦስት ምልክቶች ተሰልፈው መጡ እንጂ አራት መቶ ሃምሳ ብር የሚባል ነገር አያውቅም። መደመሪያዋ ደግሞ ጽሑፍ ስታገኝ ሥራዋ ማጣበቅ ነው። "አበበ" እና "በሶ" ብትደምሪ "አበበበሶ" ይወጣልሻል። ያንቺም ይሄው ነው።

ስለዚህ ኢንፑትን ከነቅንፉ፣ ጽሑፍን ወደ ሙሉ ቁጥር በሚቀይረው በኢንት (int) ቅንፍ ውስጥ አስገቢው፦ int(input())። መጨረሻ ላይ ሁለት ቅንፍ መዝጋት አለብሽ፣ ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ነው የሚደናቀፈው። ሳንቲም ካለ በኢንት ፋንታ ነጥብ ያለውን ቁጥር የሚቀበለውን ፍሎት (float) ተጠቀሚ፣ ምክንያቱም ኢንት 380.50 ተብሎ የተጻፈ ሲመጣለት ቫልዩ ኤረር (ValueError) የሚባል ስህተት አውጥቶ ቀጥ ይላል። 1,200 ብለሽ ከነኮማው ከጻፍሽ ደግሞ ሁለቱም አይቀበሉም፤ ቀድመሽ ኮማውን ምልክት በሚተካው በሪፕሌስ (replace) አጥፊው። ከፊትና ከኋላ የገባ ባዶ ቦታ ግን ችግር የለውም።

አሁን አባትሽ ራሳቸው ሊሞክሩት ተቀምጠው "400 ብር" ብለው ከነብሩ ቢጽፉስ? ፕሮግራሙ ይሞታል። ወደ ቁጥር መቀየሪያውን መስመር ትራይ (try፣ "ሞክር") ውስጥ አድርጊና በኤክሴፕት (except፣ ስህተት ሲመጣ የሚይዘው) ቫልዩ ኤረሩን ያዢው፣ ሁሉንም በዋይል (while፣ እየደጋገመ የሚያሠራው) ጠቅልለሽ ትክክለኛ ቁጥር እስኪገባ ድረስ ደግሞ ይጠይቃቸው። አንዳንዱ "በኢዝዲጂት አጣሪው" ይልሻል፤ ኢዝዲጂት (isdigit) ጽሑፉ አሃዝ ብቻ መሆኑን የሚያይ ነው። እኔ አልወደውም። 380.50ን ቁጥር አይደለም ብሎ ይመልሳል፤ የግዕዟን ፭ ግን ያሳልፍና ኢንት ጋ ስትደርስ ትፈነዳለች። ሞክሪው፣ ያስቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። በኋላ የደንበኛ ስልክ መመዝገብ ካማረሽ እሱን ጽሑፍ እንደሆነ ተዪው። ኢንት ካደረግሽው የ09ኟ ዜሮ ትበላለች፣ ስልክ ደግሞ ማንም አይደምርም።