ስለ ካሮቲኖይድ ለምታጠኑ ወጣቶች

ልጆች፣ ካሮቲኖይድ (በተክሎች ውስጥ የሚገኝ ከቢጫ እስከ ቀይ ያለ የቀለም ዓይነት) ሲባል ካሮትና ቲማቲም ቀድመው ቢታወሷችሁ አልፈርድባችሁም። ትልቁ ሥራ ግን ያለው አረንጓዴው ቅጠል ውስጥ ነው።

የኢንዛይሞቹን ስም ከመሸምደዳችሁ በፊት አመጣጡን ተረዱ። በፕላስቲድ (በተክል ሴል ውስጥ ቀለም በሚሠራበት ክፍል) ውስጥ ባለ 5 ካርቦን ሞለኪውሎች ተያይዘው ባለ 20 ይሆናሉ፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ባለ 40 ካርቦኑ ፋይቶኢን ይገኛል። ፋይቶኢን ቀለም የለውም፤ ከነጠላ ቦንድ ጋር እየተፈራረቁ የተያያዙት ድርብ ቦንዶቹ 3 ብቻ ናቸውና። ሃይድሮጂን እየተነሳለት ላይኮፒን ሲሆን 11 ይደርሳሉ፤ ያኔ ቀይ ይሆናል። የላይኮፒን ጫፎች ቀለበት ሲሠሩ ደግሞ ቤታ ካሮቲን ይሆናል።

ኖርፍሉራዞን የተባለው ፀረ አረም የሚያግደው ይህንኑ ሃይድሮጂን የማንሳት እርምጃ ነው። ብርሃን ላይ ያለ ተክል አዲስ ቅጠሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። መድኃኒቱ ክሎሮፊልን አልነካም፤ ጠባቂው ካሮቲኖይድ ስለሌለ ብርሃኑ ራሱ አጠፋው። እኔ ብጠየቅ ትምህርቱን ከዚህ ቅጠል አስጀምር ነበር።

ፀሐይ ሲበረታ ቫዮላዛንቲን የተባለው ካሮቲኖይድ በደቂቃዎች ውስጥ ዜአዛንቲን ወደተባለው ሌላ ካሮቲኖይድ ተለውጦ ትርፉ ኃይል በሙቀት መልክ እንዲወጣ ያግዛል፤ ብርሃኑ ሲቀንስ ይመለሳል። ስለዚህ ቅጠል ስትቆርጡ ሰዓቱንና ብርሃኑን መዝግቡ፤ ወዲያውም በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዙት። ጠረጴዛ ላይ የቆየ ቅጠል የሚነግራችሁ ስለ ጠረጴዛው ነው።

ለልኬቱ 2 ግራም ናሙና በቀዝቃዛ አሴቶን፣ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ፍጩ። ቁንጥር ካልሲየም ካርቦኔት ጨምሩበት፤ አለዚያ የሴሉ አሲድ ቫዮላዛንቲንን ይለውጠዋል። ዝቃጩ ቀለም እስኪያጣ ደጋግሙ። ከዚያ ቀለሙን ወደ ፔትሮሊየም ኢተር አሻግሩና አሴቶኑን በውኃ እጠቡ። ውኃውን በጎን በኩል ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ እንጂ አትናጡት፤ ከተናጠ የማይለይ አረፋማ ድብልቅ ይሆንባችኋል። በደረቅ ሶዲየም ሰልፌት ውኃውን አስወግዱና መጠኑን 25 ሚሊ ሊትር አድርሱ።

በ450 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ላይ የብርሃን መምጠጥ ንባቡ 0.5 ከሆነ፣ 0.5ን በ25 እና በ10,000 አባዝታችሁ ለ2592 እና ለ2 ስታካፍሉ በግራም 24 ማይክሮግራም ገደማ ይመጣል። 2592 የቤታ ካሮቲንን ብርሃን የመምጠጥ አቅም የሚገልጽ ቁጥር ነው፤ የሚሠራውም ለፔትሮሊየም ኢተር ነው። የቅጠል ናሙና ከሆነ ክሎሮፊል ቢ የተባለው አረንጓዴ ቀለምም እዚያው አካባቢ ብርሃን ስለሚመጥ፣ ቀለማቱን በኮለም (ቀለማትን በሚለይ ቱቦ) ሳትለዩ ያገኛችሁትን ቁጥር ቤታ ካሮቲን ብላችሁ አትጻፉ።