ቦርሳ አዝሎ በባቡር የቻይናን ጥንታዊ ከተሞች ለማየት፤ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ቻይናን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ወደዚህ አምድ በብዛት ይደርሳሉ፤ አብዛኞቹ ግን ስለ ጓንዡ ገበያና ስለ ዕቃ ማስጫኛ ዋጋ የሚጠይቁ ናቸው። ለዛሬ የመረጥኳቸው ከነዚያ ይለያሉ። ጠያቂዎቹ የሚሹት ነግዶ መመለስን ሳይሆን፣ ቦርሳቸውን አዝለው፣ ገንዘባቸውንም ቆጥበው የድሮዎቹን ከተሞች በባቡር መጎብኘትን ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ሳምንት ፈቃድ አለኝ። ቤጂንግ ገብቼ ሺአንን፣ ቼንግዱን፣ ሊጂያንግን፣ ጉዊሊንንና ሻንግሃይን በባቡር ለማየት አስቤአለሁ። በጀቴ አነስተኛ ነው፤ ይቻላል? (ከአዲስ አበባ)

ይቻላል፤ ግን አልመክርዎትም። የዘረዘሯቸው ከተሞች በአገሪቱ ዳርና ዳር የተበታተኑ ስለሆኑ፣ ከፈቃድዎ ብዙው በጉዞ፣ ከገንዘብዎም ብዙው በትኬት ያልቃል። አነስተኛ በጀት ለያዘ መንገደኛ የሚበጀው ዝነኛ ስሞችን ከየአቅጣጫው መልቀም ሳይሆን በአንድ መስመር ላይ የሚገኙትን መከተል ነው። እኔ ብሆን ቤጂንግን፣ ዳቶንግን፣ ፒንግያዎን፣ ሺአንንና ሉዎያንግን እይዛለሁ። ከቤጂንግ ዳቶንግ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ከፒንግያዎ ሺአን ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ ከሺአን ሉዎያንግ ደግሞ ከሁለት ሰዓት የማይበልጥ መንገድ ነው።

ይህ መስመር ለኪስ ብቻ ሳይሆን ለታሪክም ይስማማል። ሰሜናዊ ዌይ የሚባለው ሥርወ መንግሥት መቀመጫውን በዛሬዋ ዳቶንግ አድርጎ በነበረበት ዘመን፣ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ፣ ከከተማዋ በስተምዕራብ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ ገደል የዩንጋንግን ዋሻዎች ማስፈልፈል ጀመረ፤ ዛሬ በዚያ ትልልቅና ትንንሽ ተብለው ከ51,000 በላይ ምስሎች ይቆጠራሉ። በ494 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መንግሥቱ ወደ ሉዎያንግ ሲዛወር የጥረባው ሥራ አብሮ ተከተለና የሎንግመን ዋሻዎች ተጀመሩ። ስለዚህ ዳቶንግን አስቀድሞ ሉዎያንግን የሚያስከትል ሰው፣ አንድ ጥበብ ከቦታ ቦታና ከዘመን ወደ ዘመን እንዴት እንደተለወጠ በዓይኑ ያያል። የዩንጋንጎቹ ግዙፍ ቡድሃዎች ትከሻቸው ሰፊ፣ አቋማቸው ኮስታራ ነው፤ በሎንግመን ግን በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በ675 የተጠናቀቀው 17 ሜትር የሚረዝመው የቫይሮቻና ቡድሃ ፊቱ ልስልስ ብሎ ፈገግታ ይነበብበታል። ይህን ምስል ከሥሩ ቆመው አንጋጠው ካዩት በኋላ በድልድዩ ተሻግረው ከዪ ወንዝ ማዶ ሆነው ድጋሚ ይመልከቱት፤ ገደሉ እንደ ማር እንጀራ ተበሳስቶ የሚታየው ከዚያ ነው።

ፒንግያዎ በመካከል እረፍት ትሆንዎታለች። በ1370 የተሠራውና 6 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ግንቧ እስከ ዛሬ ዙሪያዋን ይዟታል፤ በውስጧም በ1823 የተከፈተውና ነጋዴዎች ብር ተሸክመው በሽፍታ መንገድ ከመጓዝ ይልቅ በወረቀት ሐዋላ እንዲገለገሉ ያደረገው የሪሸንግቻንግ ቤት አለ። በንግድ ለሚኖር አገር ሰው፣ ከብዙ ቤተ መንግሥት ይልቅ ይህ ግቢ ይናገራል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ፈጣኑ ባቡር ውድ ነው፤ ዘገምተኛው ደግሞ አይመችም ይላሉ። የትኛው ይሻለኛል? «ጠንካራ አልጋ» የሚባለውስ ምንድን ነው? (ከድሬዳዋ)

የድሬዳዋ ሰው እንደመሆንዎ የቻይና ፉርጎ ብዙ እንግዳ አይሆንብዎትም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚሄደው መስመር ላይ የሚሠሩት የመንገደኛ ፉርጎዎች ከዚያው የመጡ ናቸውና። የባቡሩን ዓይነት የሚነግርዎት ከቁጥሩ በፊት ያለው የላቲን ፊደል ነው። «ጂ» በሰዓት እስከ 350 ኪሎ ሜትር የሚከንፈው ነው፤ «ዲ» ከእርሱ ዝቅ ይላል። «ዜድ»፣ «ቲ» እና «ኬ» በየተራቸው እስከ 160፣ 140 እና 120 ኪሎ ሜትር የሚሄዱት የድሮዎቹ ባቡሮች ናቸው።

ከቤጂንግ ሺአን በ«ጂ» ባቡር ሁለተኛ ማዕረግ ወደ 500 ዩዋን ገደማ ከፍለው ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ይደርሳሉ። በሌሊት ባቡር ጠንካራ አልጋ ቢይዙ ግን ዋጋው ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ጉዞው ከአሥራ አንድ ሰዓት በላይ ቢወስድም የሚያልፈው በእንቅልፍ ነው፤ የአንድ ሌሊት ማደሪያም ያተርፋሉ። በሆስቴል የጋራ ክፍል አንድ አልጋ ከ50 እስከ 100 ዩዋን ሊያስከፍል እንደሚችል ስናስብ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ጠንካራ ይባል እንጂ አልጋው ፍራሽ፣ አንሶላ፣ ትራስና ብርድ ልብስ አለው። በር በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ሆነው የተደራረቡ ስድስት አልጋዎች ይገኛሉ። የታችኛው ከሁሉም ትንሽ ይወደዳል፤ ነገር ግን መብራት እስኪጠፋ ድረስ የላይ ተኚዎቹ ሁሉ መቀመጫ እንደሚሆን ይወቁ። የላይኛው ይረክሳል፤ እዚያ ላይ ግን ቀና ብሎ መቀመጥ የማይታሰብ ነው። የእኔ ምርጫ መካከለኛው ነው፦ ማንም አይቀመጥብዎትም፣ መስኮቱም በዓይንዎ ትይዩ ይሆናል። ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ መብራቱ ይጠፋል። በየፉርጎው ጫፍ የፈላ ውሃ የሚቀዳበት ቧንቧ ስላለ፣ ኩባያ፣ ሻይ ቅጠልና አንድ ሁለት ኢንዶሚ የያዘ ሰው ባቡሩ ላይ ለምግብ ብዙ አያወጣም። ሌሊቱን በጠንካራ ወንበር ማሳለፍን ግን ለማንም አልመክርም፤ ከዋጋው ያተረፉትን በማግሥቱ ደንዝዘው ይከፍሉታል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ሒሳብ ደግሞ አለ፤ እርሱም የጣቢያው ቦታ ነው። የፈጣን ባቡር ጣቢያዎች በብዛት የተሠሩት ከከተማ ውጭ ነው። የፒንግያዎ ፈጣን ባቡር ጣቢያ ከግንቡ በርካታ ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ከአሮጌው ጣቢያ ግን ቦርሳ አዝሎ በእግር መግባት ይቻላል። በሺአንም የድሮው ጣቢያ ፊት ለፊቱ የከተማዋ ግንብ ነው፤ የሰሜን ጣቢያው ሩቅ ቢሆንም ሜትሮ ስላለው ያን ያህል አያስቸግርም። ስለዚህ ሁለት ትኬቶችን ሲያወዳድሩ ከጣቢያው እስከ ማደሪያዎ ያለውን የታክሲ ወጪ ደምረው ያወዳድሩ፤ ብዙ ጊዜ ቀርፋፋው ባቡር በዚህም ይረታል።

ጥያቄ፦ ትኬት በኢንተርኔት ስገዛ ስሜን በየትኛው ቅደም ተከተል ልጻፍ? የአያት ስም ጣጣ እንዳያመጣብኝ እሰጋለሁ። (ከባሕር ዳር)

ስጋትዎ ተገቢ ነው። የቻይና ባቡር ድርጅት መሸጫ 12306 የሚባለው መተግበሪያ ነው፤ የእንግሊዝኛ ገጽም አለው። በፓስፖርትዎ ተመዝግበው ማንነትዎ እስኪረጋገጥ መጠበቅ ስለሚኖርብዎ ከመነሻዎ ብዙ ቀን ቀደም ብለው ይጀምሩት። ስሙን ቤት ውስጥ በሚጠሩበት ቅደም ተከተል ሳይሆን፣ በፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ በሁለት መስመር ታትሞ በሚገኘው ቅደም ተከተል፣ አንድም ፊደል ሳይቀንሱ ይጻፉት። የወረቀት ትኬት ስለቀረ ትኬትዎ ፓስፖርትዎ ነው፤ በአውቶማቲኩ በር አልነበብ ቢልዎት ሠራተኛ ወደቆመበት ጠርዝ ይሂዱ።

ሽያጩ የሚከፈተው በተለምዶ ከጉዞው 15 ቀን በፊት ሲሆን፣ ከስምንት ቀን በላይ ቀድሞ የተመለሰ ትኬት ቅጣት የለበትም፤ በመጨረሻዎቹ 24 ሰዓታት ግን ከዋጋው 20 በመቶ ይቆረጣል። ጣቢያ ሲገቡ ሻንጣ ሁሉ በኤክስሬይ ያልፋል፤ ቢላዋና የሚረጭ ሽቶ ወይም ዲዮዶራንት አይያዙ። በሩ ባቡሩ ከመነሳቱ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ ስለሚዘጋ አንድ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ፓስፖርት አለኝ። አዲስ አበባ ቤተሰብ ጠይቄ ስመለስ በቻይና በኩል ለማለፍ አስቤአለሁ። ቪዛ ያስፈልገኛል? (ከሜሪላንድ)

ከአንድ አገር መጥቶ ወደ ሦስተኛ አገር ለሚያልፍ መንገደኛ ቻይና ያለ ቪዛ የምትሰጠው ጊዜ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. (ዲሴምበር 2024) ወደ 240 ሰዓት ከፍ ተደርጓል፤ የአሜሪካ ፓስፖርትም በዝርዝሩ ውስጥ አለ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ቤጂንግ ቆይቶ ወደ አሜሪካ መብረር ይህን መመዘኛ ያሟላል፤ ከአዲስ አበባ ሄዶ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ግን አያሟላም። የቀጣዩን በረራ የተረጋገጠ ትኬት መያዝ ግዴታ ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ደንቡ ሲወጣ በሻንሺ ክፍለ ሀገር የተፈቀዱት ታይዩዋንና ዳቶንግ ብቻ ስለነበሩ ፒንግያዎ ከዚያ ውጭ ናት፤ እርሷን ለማየት የቆረጠ ሰው መደበኛውን የቱሪስት ቪዛ ይጠይቅ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛም ከኤምባሲ ቪዛ ማውጣት አለበት፤ የደርሶ መልስ በረራና የማደሪያ ማስያዣ ይጠየቃል። ደንቡ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ትኬት ከመግዛትዎ በፊት ኤምባሲውን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ እኔ በጾም ሰሞን ነው የምሄደው፤ አብራኝ የምትሄደው ጓደኛዬ ደግሞ ሙስሊም ናት። ምን እንበላለን? (ከደሴ)

ለጓደኛዎ መልሱ ቀላል ነው። የላንዡ ኑድል ቤቶች በየከተማው፣ በየጣቢያው አካባቢ አሉ፤ የሐላል ምልክታቸውን አብዛኛውን ጊዜ በአረንጓዴ ቀለም ይጽፉታል፤ ዋጋቸውም ከሁሉ የሚረክስ ነው ማለት ይቻላል። ሺአን ስትደርሱ ደግሞ በሙስሊሞቹ ሰፈር፣ በ742 እንደተመሠረተ ከሚነገርለት ታላቁ መስጊድ አካባቢ፣ ፓዎሞ የሚባለውን ትቅመስ። አስተናጋጁ ባዶ ጎድጓዳ ሳህንና ደረቅ ቂጣ ያቀርባል፤ ቂጣውን በጣት ቆራርሶ የአኩሪ አተር ፍሬ እስኪያክል ማድቀቅ የበላተኛው ሥራ ነው። ከዚያ ሳህኑ ወደ ማእድ ቤት ይመለስና የበግ መረቅና ሥጋ ተጨምሮበት ይመጣል። ቸኩሎ ትልልቁን የቆረሰ ሰው መረቁ ያልገባው ቂጣ ይበላል።

የእርስዎ ትንሽ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አትክልት ነው ተብሎ የቀረበ ምግብ በአሳማ ስብ የተጠበሰ ወይም የተፈጨ ሥጋ የተነሰነሰበት ሊሆን ይችላል። በቡድሃ ገዳማት አካባቢ ያሉት የአትክልት ምግብ ቤቶች አስተማማኝ ናቸው፤ ሆኖም አንዳንዶቹ እንቁላልና ወተት ስለሚጠቀሙ፣ «ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና የእንስሳት ስብ አልበላም» የሚል በቻይንኛ የተጻፈ ወረቀት ከአገር ቤት አዘጋጅተው ቢይዙ ይሻላል። ቶፉ፣ ሩዝ፣ የተጠበሰ ድንችና ባለ ቃሪያ ኤግፕላንት በየትም ይገኛሉ።

ጥያቄ፦ በጥንት ዘመን አይሁድ በካይፌንግ ይኖሩ እንደነበር ሰምቻለሁ። ለዚያ ብዬ መንገዴን ላስረዝም? (ከእስራኤል)

የሰሙት እውነት ነው። ካይፌንግ የሰሜናዊ ሶንግ ሥርወ መንግሥት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን የሠፈሩ የአይሁድ ነጋዴዎች በ1163 ምኩራብ እንደሠሩ በ1489 በድንጋይ የተቀረጸ ጽሑፍ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ምኩራቡ በጎርፍ እየፈረሰ በተደጋጋሚ ታንጾ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጨርሶ ጠፍቷል፤ ዛሬ በቦታው ለጎብኚ የሚታይ ነገር የለም ማለት ይቻላል። እርሱን ብቻ ብሎ የሚሄድ ሰው ያዝናል። ከሉዎያንግ አጭር የፈጣን ባቡር ጉዞ ስለሆነች ግን ለአንድ ቀን ተገቢ ናት፦ በ1049 የተሠራውና በቀለሙ ምክንያት የብረት ፓጎዳ የሚባለው ባለ 13 ደርብ የሸክላ ግንብ፣ ማታ ደግሞ የመንገድ ዳር የምግብ ገበያዋ ይበቃሉ። የሶንግ ዘመኗ ከተማ የቢጫው ወንዝ ደለል ተጭኗት ከዛሬዋ ከተማ ሥር እንደተቀበረች እያሰቡ ይራመዱ።

ጥያቄ፦ ቻይና ውስጥ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፣ ቴሌግራምም አይሠራም ይባላል። እንዴት ነው የምኖረው? (ከዱባይ)

የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ካርድዎን ከመነሳትዎ በፊት በአሊፔይ መተግበሪያ ያስመዝግቡ፤ ከ200 ዩዋን በታች ላለ ክፍያ የአገልግሎት ክፍያ አይጠየቅም። ጥሬ ገንዘብ አለመቀበል በሕግ የተከለከለ ነው፤ መልስ ስለሚያጡ ግን ዝርዝር ይያዙ። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ዩቲዩብና ጉግል በአገሩ ኢንተርኔት አይከፈቱም፤ በውጭ ሲም የሮሚንግ ኢንተርኔት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሠራሉ።

ጥያቄ፦ ክረምቱ እንዳበቃ፣ በመስከረም መጨረሻ ብሄድ ምን ይመስልዎታል? (ከሐዋሳ)

አየሩ መልካም ነው፤ ቀኑ ግን አይሆንም። ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ያለው ሳምንት፣ በእኛ የግሸን ማርያም ሰሞን ማለት ነው፣ የቻይና ብሔራዊ በዓል ስለሆነ ባቡሩም ሆስቴሉም ይጨናነቃል፤ ዋጋም ይንራል። በሜይ መጀመሪያና በጨረቃ አዲስ ዓመታቸው ሰሞንም እንዲሁ ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ወሩ ማብቂያ ባለው ጊዜ ይሂዱ። የቤጂንጉን ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ትኬት ደግሞ ከሰባት ቀን በፊት በፓስፖርትዎ ይያዙ፤ በር ላይ ሽያጭ የለም፤ ሰኞ ሰኞም ዝግ ነው።