የሌለ ዓለም ዕቃ ለምትሠሩ ወጣቶች

ይድረስ ለመድረክ፣ ለፊልምና ለጨዋታ የዘንዶ ቅርፊት፣ የጠንቋይ ጠርሙስና አስማተኛ ድንጋይ ለምትሠሩ ልጆች፤

የብዙዎቻችሁ እጅ ጥሩ ነው። የሚጎድለው ሌላ ነገር ነው፤ ዕቃው ከየት እንደመጣ ሳትወስኑ መቀስ ታነሣላችሁ። ከእንስሳ ገላ የወጣ ነው ወይስ ከመሬት የተቆፈረ? ማን ያዘው? በየት በኩል ያዘው? ይህ ካልታወቀ ቅርጹም ቀለሙም የዘፈቀደ ይሆናል፤ ተመልካቹም ምክንያቱን መናገር ባይችል እንኳ ውሸትነቱ ይሸተዋል።

መልሱን ከተፈጥሮ ውሰዱ። ድሮ በአውሮፓ የባለ አንድ ቀንድ ፈረስ ቀንድ እየተባለ በውድ ይሸጥ የነበረው የናርዋል ጥርስ ነበር፤ ዴንማርካዊው ሐኪም ኦሌ ዎርም እ.ኤ.አ. በ1638 ይህንኑ በግልጽ አስረዳ። ናርዋል የሰሜን ዋልታ ዓሣ ነባሪ ነው። ጥርሱ እስከ 3 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ወደ ግራ ይጠማዘዛል፣ ጎድጓዳው እድፍ ሲይዝ ጫፉ ግን ተፍቆ ነጭና ለስላሳ ይሆናል። ቀንድ ስትቀርጹ ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነጭ ከምትቀቡት ይህን ልዩነት ብቻ ብታወጡ ሥራችሁ ሌላ ይሆናል። «የዘንዶ ደም» የሚባለውም በእውነት አለ፤ በሶቆጥራ ደሴት ከሚበቅል ዛፍ የሚወጣ ሙጫ ነው። ከላይ ጠቆር ብሎ ይደበዝዛል፣ ሲፈጭ ደማቅ ቀይ ዱቄት ይወጣዋል። ስለዚህ በመደርደሪያ ላይ የምታስቀምጡት የዘንዶ ደም ቀዩ መታየት ያለበት በስብራቱና በሥሩ በረገፈው ብናኝ ላይ ነው።

ወደ ቅርፊቱ ልምጣ፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጣር ኢቫ ፎም (እንደ ጎማ የሚተጣጠፍ፣ ሲሞቅ ቅርጽ የሚይዝ የስፖንጅ ሉህ) ያዙ። የእንባ ጠብታ የመሰለ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 6 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቅርጽ በካርቶን አውጥታችሁ በእሱ ልክ ቁረጡ። ምላጩን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፤ ፎም ስለትን በፍጥነት ያደነዝዛል፣ የደነዘዘ ምላጭ ደግሞ ይቀድዳል እንጂ አይቆርጥም። የታችኛውን ጠርዝ ሰያፍ ከርክሙት። መሐሉ ላይ እስከ ውፍረቱ ግማሽ ብቻ የሚደርስ መስመር በምላጭ ሳቡና በሂት ገን (ትኩስ አየር በሚነፋ መሣሪያ) አሙቁት፤ መስመሩ ራሱ ተከፍቶ ቦይ ይሆናል። የፎሙ ገጽ ጥቂት ማብረቅ ሲጀምር ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ይጨማደዳል፣ ይጨሳል። ትኩስ እንዳለ በማንኪያ ጀርባ ላይ ጫኑትና እስኪበርድ አትልቀቁት፤ ቶሎ ከለቀቃችሁት ተመልሶ ይዘረጋል።

ድርደራውን ከታች ጀምራችሁ እንደ ጣሪያ ሸክላ ወደ ላይ ውጡ፤ የላይኛው ረድፍ የታችኛውን ሲሶ ይሸፍን፣ መገጣጠሚያዎቹም አይተካከሉ። ማስቲሹን በሁለቱም ገጽ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ጣት ሲነካው የማይጣበቅ እስኪሆን ጠብቁ፤ አብዛኛው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይፈልጋል። ርጥብ እያለ የተገጠመ ይንሸራተታል፣ በኋላም ይላቀቃል። መስኮት ሳትከፍቱ ማስቲሽ አትክፈቱ።

ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ገጹን ድፈኑት። ኮላን በእኩል ውኃ አቅጥናችሁ 3 ወይም 4 ጊዜ በስሱ ብትቀቡ ለማይታጠፍ ክፍል ይበቃል፤ ክርንና ጉልበት ላይ ግን ይሰነጠቃል፣ እዚያ ለጎማ የሚሆን ተለጣጭ መደፈኛ ያስፈልጋችኋል። መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ዋናው ቀለም። መጨረሻ ላይ ብሩሹን ነጣ ያለ ቀለም አስነክታችሁ በወረቀት ላይ ጥረጉት፤ ምንም የማይቀባ እስኪመስል ድረስ። ከዚያ ጠርዞቹን ብቻ ዳበስ አድርጓቸው። ሁሉም ቅርፊት እኩል እንዳይነጣ ተጠንቀቁ፤ የሚፋቀው መሬት የሚነካውና የሚጋጨው ነው።

አስማተኛውን ድንጋይ ከፕላስቲክ መሥራት ግዴታ አይደለም፤ ሸብ (አሉም) ራሱ ስምንት ገጽ ያለው ጥርት ያለ ክሪስታል ይሠራል። በ500 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውኃ 100 ግራም አሟሙ፣ አጥልሉ፣ ይብረድ። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ውኃው መያዝ የሚችለው በየ100 ሚሊ ሊትሩ 12 ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ ትርፉ ወደ ታች ይወርዳል። ከወረደው ደህናውን ፍሬ መርጣችሁ በናይለን ክር አንጠልጥሉና የበረደውን ጥልል መልሱበት፤ ሙቅ ውስጥ ከገባ ፍሬው ይሟሟል። በወረቀት ሸፍናችሁ የሙቀት መጠኑ በማይዋዥቅበት ጥግ ለሳምንታት ተዉት። የቸኮለ ሰው የሚያገኘው ደብዛዛ ጥርቅም ነው። የምግብ ቀለም ብትጨምሩ አብዛኛው ውኃው ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ቀለሙን ከሥሩ ባለው መቆሚያ ላይ ቀቡት። ከደረቀ በኋላ ቫርኒሽ ካልተቀባ ውኃውን እያጣ ገጹ ይነጣል። በትኩስ ሙጫም አትለጥፉት፤ ክሪስታሉ በ92 ዲግሪ ይቀልጣል።

የጠንቋዩ ጠርሙስ ቀላል ነው። ውኃ፣ ጥቂት ግሊሰሪን፣ ለአንድ ትንሽ ጠርሙስ ከሩብ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ የሚካ (የሚያብረቀርቅ ማዕድን) ዱቄት። ዱቄት ሲበዛ ጭቃ ይመስላል፤ ግሊሰሪኑ መዝቀጡን ያዘገየዋል። በአልትራቫዮሌት መብራት እንዲበራ ከፈለጋችሁ በውኃው ፋንታ ቶኒክ (መራራውን ለስላሳ መጠጥ) አድርጉ፤ ውስጡ ያለው ኩዊኒን ሰማያዊ ያበራል። ጨው ግን አትጨምሩበት፣ ብርሃኑን ያጠፋዋል። ልጆች ያሉበት ቦታ ከሆነ ቡሹን አሽጉት፤ መጠጥ ይመስላልና።

ስለ አሮጌ ወረቀት ብዙ አልልም፤ ሁሉም በሻይ ይነክረዋል። በኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ማተሚያ) የታተመ ጽሑፍ ሻይ ሲነካው እንደሚፈስ፣ የሌዘሩ እንደማይፈስ ብቻ ያዙ። ጠርዙን ማቃጠል ደግሞ እባካችሁ ይቅር፤ አሮጌ ደብዳቤ የሚያረጀው በእጥፋቱ ነው።

የኢፖክሲ ሬዚንን (ሁለት ፈሳሾች ሲቀላቀሉ የሚጠነክር ፕላስቲክ) ነገር በመጨረሻ ያቆየሁት ቀድማችሁ እንዳትነኩት ብዬ ነው። ሁለቱ ክፍሎች የሚቀላቀሉት በክብደት ነው ወይስ በይዘት? ዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ልኩ ከተዛባ ሳይጠነክር ለዘላለም እጅ ላይ እንደተጣበቀ ይኖራል፤ ማጠንከሪያ መጨመርም አያድነውም። በአንድ ጊዜ ብዙ ከፈሰሰ ራሱን በራሱ አግሎ ይሰነጠቃል፣ ያጨሳልም፤ በስስ ንብርብር አፍስሱት። የናይትራይል ጓንት አድርጉ፤ ሰውነት አንዴ አለርጂ ከያዘው ከዚያ በኋላ ጥቂቷም ትበቃዋለች። ቆዳችሁን ከነካ በአሴቶን አትጥረጉት፣ ይባስ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ በሳሙናና በውኃ ታጠቡት።