ከልጆች ጋር በእግር እስከ ኮንክ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ፈረንሳይ ገጠር ያለውን የድሮ ተሳላሚዎች መንገድ በእግር ልንሄድ ነው፣ ድንኳን ያገኘንበት ሜዳ ላይ መትከል ይቻላል ወይ? ከየትስ እንጀምር?

መልስ፦ ከለ ፕዊ ከተማ ተነስታችሁ ኮንክ የምትባለው መንደር ላይ አቁሙ፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱ ጂአር 65 ይባላል፣ ዛፍና ድንጋይ ላይ የተቀባውን ነጭና ቀይ መስመር እያያችሁ መሄድ ነው። እስከ ስፔን ድንበር 700 ያልፋል፣ ለልጆች እሱ ይቅርባችሁ። ድንኳኑን ባለመሬቱን ሳትጠይቁ እንዳትተክሉ፣ ብዙ ቦታ ማዘጋጃ ቤቱ የሚያስተዳድረው ካምፒንግ (የድንኳን ማረፊያ) አለ ሻወርም አለው። መንገዱ ላይ ያለው ኦብራክ የሚባል ደጋ ላይ ግን ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ንፋሱ አይጣል ነው፣ ካስማውን ጠበቅ አድርጉ። ውሃ ካለቀባችሁ መቃብር ቦታ ፈልጉ (አትሳቁ) አበባ ማጠጫ ቧንቧ አይጠፋም፣ አይጠጣም የሚል ከተጻፈበት ተዉት። ሻንጣው ከከበደ አህያ የሚያከራዩ አሉ፣ ልጆቹም እሷን ለመሳብ ሲሉ ደከመኝ ማለቱን ይረሱታል።