ቤታችንን ሸጠን በሞተርሆም ልንኖር ነው፤ ከምን እንጀምር?

ጥያቄ፦ የምንኖረው በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴ 66፣ እኔ ደግሞ 61 ዓመታችን ነው። እሳቸው ለረጅም ጊዜ በአውቶቡስ ሾፌርነት ሲሠሩ ቆይተው በቅርቡ ጡረታ ይወጣሉ፤ እኔም አብሬ ሥራ ለማቆም አስቤአለሁ። ልጆቻችን ራሳቸውን ችለዋል፤ አንዷ ዳላስ፣ ቴክሳስ ትኖራለች። ባለቤቴ ቤቱን ሸጠን ሞተርሆም (በውስጡ የሚኖርበት መኪና) እንድንገዛና ዓመቱን ሙሉ እየተዘዋወርን እንድንኖር ይፈልጋሉ። ሐሳቡን አልጠላሁትም። ግን ቤት የሌለው ሰው አድራሻው የት ነው? ሐኪሙስ? እንጀራስ እንዴት ይጋገራል? ከግዢው በፊት ምን መሰናዳት እንዳለበት ብትገልጹልኝ።
አንባቢያችሁ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ብዙ ሰው መኪናውን ከገዛ በኋላ የሚያስበውን እርስዎ አስቀድመው ማሰብዎ መልካም ነው። ቤት ከመጠለያነቱ ሌላ ሳይታይ የሚሠራው ሥራ አለ፤ ባንኩ፣ መንጃ ፈቃዱ፣ የመኪና መድኑ፣ ሐኪሙና ግብሩ ሁሉ የተንጠለጠሉት በቤቱ አድራሻ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አድራሻውንና የጤና መድኑን አስተካክሉ፤ መኪናው ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ የቤቱ ሽያጭ ደግሞ ከሁሉም መጨረሻ ይሁን።

በመኪና የሚኖሩ አሜሪካውያን አብዛኛውን ጊዜ ሕጋዊ መኖሪያቸውን የሚያደርጉት የግዛት የገቢ ግብር በማይከፈልባቸው በቴክሳስ፣ በፍሎሪዳ ወይም በሳውዝ ዳኮታ ነው። ቨርጂኒያ የገቢ ግብር ከማስከፈሏም በላይ አውራጃዎቿና ከተሞቿ በተሽከርካሪ ላይ በየዓመቱ የንብረት ግብር ይጥላሉ። ለእናንተ የልጃችሁ ቤት ትልቅ ዕድል ነው፤ ባንኮች ከፖስታ ሣጥን ይልቅ እውነተኛ የመኖሪያ አድራሻ ስለሚጠይቁ፣ እሷ ከፈቀደች ደብዳቤያችሁም ሰነዶቻችሁም በዚያ ሊገቡ ይችላሉ። ወደ ቴክሳስ የተዛወረ ሰው የመኪናውን ምዝገባ በ30 ቀን፣ መንጃ ፈቃዱን በ90 ቀን ውስጥ ወደ ቴክሳስ መለወጥ አለበት። የመኪናው የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት ከ26,000 ፓውንድ ካለፈ ለግል አገልግሎትም ቢሆን ቴክሳስ ክላስ ቢ የተባለ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ትጠይቃለች። ከሁለታችሁ ዜግነት ያልወሰደ ካለ ደግሞ የአድራሻ ለውጡን በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ግዴታው ነው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሰጥታችሁ ልትመክሩበት የሚገባው የጤና መድን ነው። ባለቤትዎ እስካሁን የቆዩት በአሠሪያቸው መድን ከሆነና የሜዲኬርን (በአብዛኛው ከ65 ዓመት ጀምሮ የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ፓርት ቢ፣ ማለትም የሐኪም ክፍያን የሚሸፍነውን ክፍል፣ የሚጀምሩት ጡረታ ሲወጡ ከሆነ፣ ፓርት ቢ ከጸናበት ወር አንሥቶ ባሉት 6 ወራት ውስጥ ሜዲጋፕ የተባለውን ተጨማሪ መድን ኩባንያዎች የጤና ሁኔታቸውን ምክንያት ሳያደርጉ ሊሸጡላቸው ይገደዳሉ። ይህ ጊዜ ካለፈ ግን በአብዛኞቹ ግዛቶች ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበትን ሰው ሊከለክሉ ወይም ዋጋ ሊጨምሩበት ይችላሉ። በቀጥታ ከመንግሥት የሚገኘው ኦሪጅናል ሜዲኬር በመላ አገሪቱ ሜዲኬርን በሚቀበል ሐኪም ሁሉ ዘንድ ያገለግላል፤ በግል ኩባንያዎች በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ግን በአንድ አካባቢ የተወሰነ በመሆኑ፣ ከአገልግሎት ክልሉ ከ6 ወር በላይ የራቀ ሰው በአብዛኛው ከመድኑ ይሰረዛል። ለተጓዥ ሰው የመጀመሪያው ይሻላል፤ በዚህ ላይ አላመነታም።

የእርስዎ ጉዳይ ከባለቤትዎ ይልቅ ይከብዳል። ሜዲኬር እስኪደርስዎ 4 ዓመት ገደማ ይቀራል፤ በግል የሚገዛው መድን ደግሞ በሚኖሩበት አካባቢ የሚሸጥ ሲሆን፣ ብዙው ከዚያ ውጭ የሚከፍለው ለድንገተኛ ሕክምና ብቻ ነው። ስለዚህ መደበኛ ምርመራዎን ሁሉ ዳላስ በምትቆዩባቸው ወራት ማድረግ ይኖርብዎታል። በየጊዜው ክትትል የሚያስፈልገው ሕመም ካለብዎ፣ የሚገዙትን መድን ዋጋና የሐኪሞቹን ዝርዝር በእጅዎ ሳይይዙ ሥራዎን እንዳይለቁ አጥብቄ እመክራለሁ።

እንጀራውን በተመለከተ፣ መጋገር ይቻላል፤ ሆኖም መኪናውን ስትመርጡ አብሮ መታሰብ አለበት። አነስተኛ ሞተርሆሞች በ30 አምፒር፣ ትልልቆቹ በ50 አምፒር መስመር ይሠራሉ። ባለ 30 አምፒሩ በጠቅላላ የሚሸከመው 3,600 ዋት ሲሆን፣ ባለ 50ው ሁለት መስመር ስላለው እስከ 12,000 ዋት ይደርሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 1,500 ዋት ይወስዳል፤ የጣሪያው ኤሲም እንዲሁ። ሁለቱ እየሠሩ ማይክሮዌቭ ብትከፍቱ ባለ 30 አምፒሩ ብሬከር ወዲያው ይወርዳል፤ በምጣዱ ላይ ያለው እንጀራም ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። ስለዚህ በባለ 30ው የምትጋግሩት ጠዋት ገና ሳይሞቅ፣ ኤሲውን አጥፍታችሁና ምጣዱን ብቻውን በአንድ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ይሁን። ቡና ስትቆሉ መስኮቱም የጣሪያው ማራገቢያም ይከፈት፤ የጭስ ጠቋሚው ጮኸ ብሎ ባትሪውን ማውጣት ግን በጋዝ በሚሠራ ጠባብ ቤት ውስጥ ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

የጤፉን ከረጢት፣ በርበሬውንና ድስቱን ስትጭኑ ክብደት አስቡ። በመኪናው ላይ የተለጠፈው ምልክት ሰዎችና ዕቃ በድምሩ ከስንት ፓውንድ መብለጥ እንደሌለባቸው ይናገራል። ውኃም እንደ ጭነት ይቆጠራል፤ አንድ ጋሎን ከ8 ፓውንድ ስለሚበልጥ 50 ጋሎን የሚይዝ ታንከር ሲሞላ ብቻውን ከ400 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። ሰፊ የሚመስል መኪና የመጫን አቅሙ ትንሽ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ምልክት አንብቡ፤ ዕቃችሁን ከጫናችሁ በኋላ ደግሞ የጭነት መኪኖች በሚያርፉበት ሚዛን እያንዳንዱን አክስል አስመዝኑ። ያገለገለ መኪና ከሆነ ጎማው ጥርሱ ባያልቅም ዕድሜው ይታይ፤ በጎኑ ላይ ያሉት አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 2319 ማለት በፈረንጆች አቆጣጠር የ2019 23ኛው ሳምንት ነው። የመጸዳጃው ታንከር መክፈቻ ሁልጊዜ ተዘግቶ ይቆይ፤ ሲፈስስ መጀመሪያ እሱ፣ ቀጥሎ የእጥበቱ ውኃ ይፍሰስ፤ እንዲህ ሲሆን ቱቦው በእጥበቱ ውኃ ይጸዳል።

መድኑን ስትገዙ በመኪናው ውስጥ ዓመቱን ሙሉ እንደምትኖሩ በግልጽ ተናገሩ፤ ለዕረፍት ጉዞ ብቻ የተገዛ መድን ለነዋሪ ጉዳት ላይከፍል ይችላል። 62 ዓመት የሞላው ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ የብሔራዊ ፓርኮች መግቢያ ያገኛል፤ በብዙ የፌዴራል ካምፖችም የማደሪያው ዋጋ በግማሽ ይቀንስለታል፤ ስለዚህ ባለቤትዎ አሁኑኑ ሊያወጡት ይችላሉ።

ቤቱን ለጊዜው አትሽጡት፤ አከራዩት። በፌዴራል የግብር ሕግ መሠረት፣ ከሽያጩ በፊት ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 2 ዓመት በባለቤትነት የኖሩበት ባልና ሚስት ከቤቱ ትርፍ እስከ 500,000 ዶላር ድረስ ግብር አይከፍሉበትም። ይህም ከወጣችሁበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ያህል ጊዜ ይሰጣችኋል፤ በኪራይ ዘመኑ ለቤቱ እርጅና ተብሎ ከኪራይ ገቢያችሁ ለተቀነሰው ሂሳብ ግን ስትሸጡ ግብር ይኖራል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ክረምት ዳላስ ከልጃችሁ አጠገብ፣ አንድ በጋ ደግሞ ቨርጂኒያ ከዕድራችሁና ከቤተ ክርስቲያናችሁ አቅራቢያ በመኪናው ኖራችሁ ሞክሩ። ከመግዛታችሁም በፊት ተመሳሳይ ሞተርሆም ለጥቂት ሳምንታት ተከራዩ፤ ሁለታችሁም ማብሰሉን፣ መንዳቱንና ታንከር ማፍሰሱን በተራ ሥሩ፤ ባለቤትዎ አንድ ቀን ቢያማቸው መሪውን መያዝ ያለብዎ እርስዎ ነዎትና።