ፖለቲከኛው ሲቆርብ ልጅቷ ለምን ትቀራለች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ካቶሊክ ነው፣ እኔም ስንጋባ ካቶሊክ ሆኛለሁ። ቤተሰቦቼ ኦርቶዶክስ ናቸው። ለፋሲካ ሰላድንጋይ እናቴ ቤት ሄጄ አጎቴ እንዲህ አለኝ፦ «የእናንተ ቤተክርስቲያን ውርጃ ነፍስ ማጥፋት ነው ትላለች። ካቶሊኮቹ የአሜሪካ ፖለቲከኞች ባይደንና ፔሎሲ ግን ውርጃን በሕግ እየደገፉ ይቆርባሉ። ታዲያ ምኑን ተናገራችሁት?» መልስ አጣሁ። አንድ የማውቃት ልጅ ደግሞ አለች። በአሥራ አምስት ዓመቷ አስወርዳ፣ ይኸው ስንት ዓመቷ፣ ሰው ሊቆርብ ሲነሳ እሷ አቀርቅራ ትቀመጣለች። እስቲ ያስረዱኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ የአጎትሽ ጥያቄ ተገቢ ነው። ብዙ ካቶሊኮችም ይጠይቁታል፣ አንዳንዱ በንዴት ጭምር።

ነገሩ የሚምታታው ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ስለሚጨፈለቅ ነው። የመጀመሪያው ለቆራቢው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ «ሰው ግን ራሱን ይፈትን» ይላል። የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ሕግ አንቀጽ 916ም ከባድ ኃጢአት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ሳይናዘዝ አይቁረብ ይላል። ሁለተኛው ለካህኑ ነው። አንቀጽ 915 በግልጽ በሚታይ ከባድ ኃጢአት ጸንቶ አልመለስም ያለውን ሰው አታቁርቡት ይላል። በአሜሪካ ጳጳሳቱን ያከራከረው ይኼኛው ነው። ውርጃ ኃጢአት ነው ወይ በሚለው ላይ በመካከላቸው ልዩነት የለም።

ክርክሩ የጦፈው በ2004 (ቀኖቹና ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ውርጃን በሕግ የሚደግፈው ካቶሊክ ጆን ኬሪ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ነው። ያኔ ካርዲናል ራትሲንገር፣ በኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ቤኔዲክቶስ፣ ለአሜሪካ ጳጳሳት ጻፉ። መጀመሪያ ሰውየውን አግኙት፣ አስተምሩት፣ አስጠንቅቁት፤ ካልተመለሰ ከልክሉት፤ ሐሳቡ ይህ ነበር። ማን መቼ እንደሚከለክል የሚወስነው ግን የየሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ነው። ለዚህ ነው አንዱ ጋ የተከለከለ ሰው ሌላው ጋ የሚቆርበው። ባይደንን በ2019 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ አንድ ካህን ከለከሉት፤ ዋሽንግተን ላይ ግን ካርዲናል ግሪጎሪ አልከለክለውም አሉ። የሳን ፍራንሲስኮው ሊቀ ጳጳሳት ኮርዲሊዮኔ ግንቦት 20 ቀን 2022 ፔሎሲን ከለከሏት፤ ሰኔ 29 ደግሞ ሮም ቅዱስ ጴጥሮስ ውስጥ ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በተገኙበት ቅዳሴ ቆረበች። እሳቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ2021 ውርጃ ግድያ ነው ብለው በግልጽ ተናግረዋል፤ በዚያው ንግግር እኔ ማንንም ቁርባን ከልክዬ አላውቅም፣ እረኛ እንደ እረኛ ይሁን እንጂ እንደ ፖለቲከኛ አይሁን አሉ።

የእኔን ልንገርሽ። «በግሌ እቃወማለሁ፣ በሕግ ግን እደግፋለሁ» የሚለው ነገር አይዋጥልኝም። ፅንሱ ሰው ነው ብሎ የሚያምን ሰው ይህን እምነቱን ምክር ቤቱ በር ላይ ትቶ መግባት አይችልም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ፖለቲከኛ ካህኑን ከማስጨነቅ ራሱ ቢቀር ይሻለው ነበር። ድምፅ የሰጠ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1995 እንዳስተማሩት፣ ሕጉን መሻር ያቃተው እንደራሴ ተቃውሞው በግልጽ የታወቀ ከሆነ ጉዳቱን የሚቀንስ ሕግ መደገፍ ይችላል።

ካህኑም ቢሆን፣ ከሰውየው ጋር አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብሎ ሳይነጋገር፣ ሥጋ ወደሙን ይዞ ሰው ፊት «አንተ አይሆንም» ቢል ልክ አይመስለኝም። በ390 ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ የተሰሎንቄን ሕዝብ ባስፈጀ ጊዜ የሚላኖው ጳጳስ አምብሮስዮስ ንስሐ ካልገባህ አትቆርብም ብሎታል። ግን መጀመሪያ ያደረገው በገዛ እጁ የምስጢር ደብዳቤ መጻፍ ነበር። ንጉሡም ንስሐ ገባ። ለአጎትሽ ይህን ንገሪው፣ ደስ ይለዋል ብዬ አስባለሁ።

አጎትሽ የገረመው ሌላም ነገር ያለ ይመስለኛል። በእኛ በሰሜን ሸዋ በኦርቶዶክሱ ዘንድ በብዛት የሚቆርበው ሕፃንና ሽማግሌ ነው። ጎልማሳው አልበቃሁም ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ይርቃል። በእናንተ በካቶሊኮቹ ደግሞ ሁሉም ብድግ ይላል። ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» የሚለው ግን በኦርቶዶክሱም፣ በግእዝ ሥርዓት በሚቀድሰው ካቶሊክም ቅዳሴ ነው። ሳይናዘዙ በልማድ መሰለፍም፣ ለመናዘዝ ሳያስቡ ዕድሜ ልክ መራቅም ሁለቱም ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ልጅቷ። እውነቱን ለመናገር ከባይደን ይልቅ ያሳሰበችኝ እሷ ናት። በ1997 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 እንደሷ ላሉ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱና ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ላልሆኑ ፈቅዷል። ሕግ ፈቀደ ማለት በቤተክርስቲያን ዘንድ ኃጢአት አይደለም ማለት አይደለም፣ ይህንን አልደብቅሽም። ነገር ግን ብዙ ሰው የማያውቀው አለ። ውርጃ የሚያስከትለው ውግዘት አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላትን ልጅ አይነካም። ከዚያ በላይ ሆናም በከባድ ፍርሃት ያደረገችውን፣ ወይም እንዲህ ያለ ቅጣት መኖሩን ሳታውቅ ያደረገችውን አይይዛትም። ስለዚህ እሷ የተወገዘች አይደለችም። የሚያስፈልጋት ኑዛዜ ብቻ ነው። ድሮ በብዙ ቦታ ለዚህ የጳጳስ ፈቃድ ይጠየቅ ነበር፤ በፈረንጅ ከ2016 ወዲህ ግን ማንኛውም ካህን እንዲፈታ ፍራንቸስኮስ ፈቅደዋል።

ደብረ ብርሃን ላይ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፣ ታፍር ይሆናል። ግዴለም፣ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። በጠዋት መኪና ተሳፈሩ፣ አንቺም አብረሻት ሂጂ፣ ደጅ ሆነሽ ጠብቂያት። የማያውቃት ካህን ዘንድ ትግባ። ረጅም ታሪክ ማውራት አይጠበቅባትም፤ ያደረገችውንና መጸጸቷን ትናገር፣ የሚሰጣትን ቀኖና ትፈጽም። ከተፈታች በኋላ በቀጣዩ እሑድ ሌላው ሲነሳ እሷም ትነሳ።