ልጃችንን ይዘን ቬትናም ለክርስትና ተጠርተናል

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ በአሜሪካ ሜሪላንድ የምኖር የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ነኝ። ባለቤቴ ቬትናማዊ ካቶሊክ ሲሆን፣ ወላጆቹና ወንድም እኅቶቹ ከሆ ቺ ሚን ከተማ ብዙ በማትርቀው በሆ ናይ ይኖራሉ። የእኅቱ ሴት ልጅ ክርስትና ልትነሣ ስለሆነ ባለቤቴ የክርስትና አባት እንዲሆናት ተጠይቋል፤ እኔም በዚያን ጊዜ ሰባት ወር የሚሞላውን ወንድ ልጃችንን ይዤ አብሬው እሄዳለሁ። ዘመዶቹን ከስልክ ውጪ አላውቃቸውም። ልጃችን በእኔና በባለቤቴ ስምምነት በአርባ ቀኑ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቋል፤ አማቴ ግን «ሁለቱ ሕፃናት በአንድ ቀን ቢጠመቁ እንዴት ያምር ነበር» ማለት ጀምረዋል። እኚህን እናት ሳላስቀይም ምን ልመልስ? የልጁ ጤናና ረጅሙ መንገድም ያሳስበኛል። ድግሱ ላይ የአሳማ ሥጋ እንደሚበዛም ሰምቻለሁ።

መልስ፦ እኅቴ፣ ከጥያቄዎችሽ ሁሉ አስቀድሞ መልስ የሚሻው የአማትሽ ምኞት ነው። የመንገዱና የክትባቱ ጉዳይ በቀጠሮና በወረቀት ያልቃል፤ ይህኛው ግን ሳይነገር ቆይቶ ቤተ ዘመዱ በተሰበሰበበት ቢነሣ እናንተንም እርሳቸውንም የሚያሳቅቅ ይሆናል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ ከብዙ ሳምንታት በፊት መነገር አለበት፤ የሚናገረውም አንቺ ሳትሆኚ ልጃቸው መሆን አለበት።

ልጃችሁ ዳግመኛ ሊጠመቅ አይችልም። ይህም የአንቺ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ብቻ ሳይሆን የእርሳቸውም ቤተ ክርስቲያን ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቀኖና ሕግ በቁጥር 845 ጥምቀት እንደማይደገም ይደነግጋል፤ በውኃና በሥላሴ ስም የተፈጸመውን የኦርቶዶክስ ጥምቀትም ካቶሊካውያን ይቀበሉታል። እኛ በጸሎተ ሃይማኖት «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት ለሥርየተ ኃጢአት» እንደምንል ሁሉ፣ አማትሽም በእሑድ ቅዳሴ በራሳቸው ቋንቋ ይህንኑ ይመሰክራሉ። ባለቤትሽ ለእናቱ ነገሩን በዚህ በኩል ቢያቀርበው ሚስቱ ስለከለከለች የቀረ አይመስላቸውም፤ እርሳቸው ራሳቸው በሚያምኑት እምነት ምክንያት የማይደረግ መሆኑን ይረዱታል። ለማረጋገጫ ያህል የልጁን የክርስትና ምስክር ወረቀት በእንግሊዝኛ አስተርጉማችሁ ያዙ፤ ባለቤትሽም ቀደም ብሎ ለቁምስናው (ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን) ቆሞስ ቢደውል ቆሞሱ ራሳቸው ለእናቲቱ ያስረዱለታል። ልጁ በተጠመቀበት ዕለት ሜሮን እንደተቀባና ሥጋ ወደሙ እንደተቀበለ ሲሰሙ ዘመዶቹ ቢደነቁ አይግረምሽ፤ በእነርሱ ሥርዓት ሜሮንና ቁርባን የሚመጡት ልጅ ካደገ በኋላ ነውና።

ይህን ስልሽ ግን የአማትሽን ምኞት እንደ ጣልቃ ገብነት እንዳታዪው አደራ እላለሁ። ሆ ናይ ተራ ሰፈር አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1954 ቬትናም ለሁለት ስትከፈል ብዙ መቶ ሺህ ካቶሊካውያን ከሰሜን ወደ ደቡብ ተሰደዱ፤ በሆ ናይ የሰፈሩትም መንደር በመንደር ከቆሞሶቻቸው ጋር የመጡ ናቸው። በአካባቢው ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ተቀራርበው የቆሙ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ቁምስናዎች ምእመናኑ ተሰድደው የመጡበትን የሰሜን አገር ስም ይዘው ቀርተዋል፤ ሃኖይ የሚባል ቁምስና ሳይቀር አለ። ቤትና መሬቱን ትቶ እምነቱን ይዞ ለተሰደደ ቤተሰብ የልጅ ልጅ ጥምቀት የዘር ሐረጉ አለመቆረጡ የሚታይበት ቀን ነው። አማትሽ የሚፈልጉት በርቀት የተወለደው ልጅ የእነርሱም መሆኑን ማየት ነው፤ ይህ ደግሞ ያለ ሁለተኛ ጥምቀት ሊሟላላቸው ይችላል።

ለምሳሌ የቬትናም ካቶሊካውያን ማሪያ፣ ዮሴፍ፣ ቴሬሳ የሚሉ የቅዱሳን ስሞችን ከቤተሰብ ስማቸው አስቀድመው ይጠራሉ። የልጅሽን የክርስትና ስም ለአማትሽ ንገሪያቸው፤ ትርጉሙን ጭምር በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው። በተለይ ስሙ የእመቤታችን ከሆነ በእጅጉ ደስ ይላቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1798 በስደት ላይ ለነበሩ ምእመናን በላ ቫንግ ጫካ ተገለጠች ብለው ስለሚያምኑ ለእርሷ ያላቸው ፍቅር ከእኛው የሚቀራረብ ነው። በጥምቀቱ ዕለትም ከሥርዓቱ በኋላ ቆሞሱ ልጁን እንዲባርኩት ባለቤትሽ ይጠይቅ፤ በዚያ ሰዓት ልጁን አያቱ ይዘውት ይቁሙ። ቁርባንን በተመለከተ አንቺ በቦታሽ ትቆያለሽ፤ በሌላው የጸሎት ክፍል ምን ያህል እንደምትሳተፊ ደግሞ ከመሄድሽ በፊት የንስሐ አባትሽን አማክሪ።

ስለ አለባበስ ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር። በቬትናም የቀብር ሥርዓት የሟች ልጆችና ዘመዶች ነጭ ስስ ጨርቅ ራሳቸው ላይ ያስራሉ። ስለዚህ የሐበሻ ቀሚስ መልበስሽ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ነጭ ነጠላ ተከናንበሽ ብትገቢ አንዳንድ ሽማግሌዎች ልባቸው ሊደነግጥ ይችላል። ጥለቱ ደማቅና ሰፊ የሆነውን ምረጪ፤ ራስሽንም ቀለም ባለው ሻሽ ተሸፈኚ።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ። ከዋሽንግተን አካባቢ ሆ ቺ ሚን ከተማ ለመድረስ መቆያውን ጨምሮ ከሃያ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ የሰዓቱ ልዩነትም አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ሰዓት ስለሆነ የልጁ ሌሊትና ቀን ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል። ከጥምቀቱ ቢያንስ አምስት ቀን ቀድማችሁ ድረሱ። ዋዜማውን ደርሳችሁ ከሆነ ልጁ በቅዳሴው መካከል ያለማቋረጥ ያለቅሳል፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም የሚያጽናናው አይገኝም። ትኬት ስትቆርጡ የሕፃን አልጋ የሚንጠለጠልበትን የፊተኛውን መቀመጫ ጠይቁ፤ አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲያርፍ ጆሮው እንዳያመው ጡት አጥቢው። የመኪና መቀመጫውን ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ ታክሲ ውስጥ አታገኙትም። ዘመዶቻችሁ በደግነት ሕፃኑን በሞተር ብስክሌት ላድርሰው ቢሉ ግን፣ የአገሩ ሰው ሁሉ እንዲያ ቢያደርግም አይሆንም ብላችሁ ጽኑ።

የጤናው ዋና ጉዳይ ኩፍኝ ነው። ልጅሽ መደበኛውን የኩፍኝ ክትባት የሚወስደው ዓመት ሲሞላው ቢሆንም፣ ወደ ውጭ አገር የሚጓዙ ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ወር ያሉ ሕፃናት አንድ ጊዜ አስቀድመው እንዲከተቡ የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ይመክራሉ። ሆ ቺ ሚን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2024 የኩፍኝ ወረርሽኝ ያወጀች ከተማ ስለሆነች ይህን ቸል አትበዪ። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ይከተብ፤ ይህ ክትባት ግን ከመደበኛዎቹ ሁለቱ ጋር አይቆጠርምና ዓመት ሲሞላው እንደገና ይጀምራል። በዚያው ቀጠሮ የትክትክና የሌሎቹ ክትባቶች ሁኔታም ይታይ። ደንጊ የተባለውን ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን የምትናከስ ናት፤ ስለዚህ አጎበር በጋሪው ላይ ቀንም ይዘርጋ። የሚጠጣው ውኃ የፈላ ወይም የታሸገ ይሁን።

ትልቁ ፈተና ግን ፍቅር ነው። የቬትናም አያቶች ሕፃን ሲያቅፉ ጉንጩን በአፍንጫቸው እየሳቡ ይስማሉ፤ ማንም ሳይጠይቅሽ ልጁን ከእጅሽ ይወስደዋል። እጅ ታጥቦ እስከሆነና ጉንፋን ያለበት እስካልቀረበ ድረስ ይህን ፍቀጂ፤ የመጣችሁትም ለዚህ ነውና። ልጁን በቀጥታ ከማሞገስም ሊቆጠቡ፣ እንዲያውም አስቀያሚ ነው ሊሉት ይችላሉ፤ ይህ እኛ ከዓይን ያውጣው እንደምንለው ያለ ጥንቃቄ ስለሆነ አይክፋሽ። አጥብቀሽ እምቢ ማለት የሚገባሽ በሁለት ነገሮች ነው። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል፤ እዚያ ደግሞ የሕፃን ምላስ በማር መጥረግ የቆየ ልማድ ነው። ሌላው፣ ብርድ እንዳይመታው ብለው ሆዱንና ውስጥ እግሩን የሚያሹበት ዘይት ነው፤ የባሕር ዛፍ ዘይትም ሆነ ሜንቶልና ካምፎር ያለበት አረንጓዴው ዘይት የሕፃንን አተነፋፈስ ሊያውክ፣ ከተዋጠም ሊመርዝ ይችላል። አማትሽ ብልቃጡን ሲያነሡ እጃቸውን ከመያዝ ይልቅ ካልሲ አቀብያቸውና እርሳቸው ያጥልቁለት፤ የሕፃናት ሐኪሙ ከልክሏል የሚለውን ቃል ደግሞ ባለቤትሽ ይናገር።

ስለ ምግቡ የሰማሽው እውነት ነው። የተጠበሰ የአሳማ ግልገል የድግስ ማዕረግ ነው፤ በጥቅልሎቹና በሾርባዎቹም ውስጥ የአሳማ ሥጋ ይገባል። የማትበዪው በሃይማኖት ሥርዓት መሆኑን ባለቤትሽ አስቀድሞ ያሳውቅ፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ቤተሰብ ዶሮ፣ ዓሣና የበሬ ሥጋ ለይቶ ያዘጋጅልሻል። ገበታው ላይ አማትሽ በቾፕስቲካቸው ምግብ አንሥተው ሳህንሽ ላይ ሲያኖሩ እንደ ጉርሻ ተቀበያቸው። ስትሰጪም ስትቀበዪም በሁለት እጅሽ ይሁን። ለምትጠመቀው ልጅ ወርቅ ወይም በፖስታ የተደረገ ገንዘብ የተለመደ ስጦታ ነው።

የወረቀቱን ጉዳይ አታዘግዩ። ለሕፃኑ የአሜሪካ ፓስፖርት ለማውጣት ሁለታችሁም በአካል መገኘት ወይም የአንደኛውን የተረጋገጠ ስምምነት ማቅረብ አለባችሁ። ቬትናም ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ እስከ 90 ቀን የሚያገለግል የኢንተርኔት ቪዛ ትሰጣለች፤ ይሁንና ባለቤትሽ ትውልደ ቬትናም ስለሆነ አንቺና ልጁ ለአምስት ዓመት የሚያገለግለውን የቪዛ ነፃ ማረጋገጫ ከኤምባሲው መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ደጋግማችሁ እንድትሄዱ ስለሚያመች እኔ ይህን እመርጣለሁ። አንቺ በአባትሽ ስም፣ ልጁ በቬትናም የቤተሰብ ስም ስለምትጠሩ የልደት ምስክር ወረቀቱን ቅጂ በእጅ ቦርሳሽ ያዢ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ልጁ ትኩሳት ወይም ሽፍታ ከታየበት፣ ወደ ክሊኒኩ ከመግባታችሁ በፊት ደውላችሁ ከቬትናም መምጣታችሁን ለሐኪሙ ንገሩ።